የገንደ ጋሪ ባንዲራ ስንት ፊት ነበረው

ረምላ ጠዋት ፊቷን ሳትታጠብ የምታየው ቅሬታ ነው። ሌላው ሰው ሲነሳ የዕለቱን ሙቀት ይጠይቃል፣ የውሃ ተራው መቼ እንደሆነ ይጠይቃል፣ ማን ሞተ ማን ወለደ ይላል። እሷ ግን ገና ዓይኗን ስትገልጥ የክፍሏ ተናጋሪ ግድግዳ ያከማቸውን መዘርገፍ ይጀምራል። «የደቻቱ ውሃ ማኅበር ባንዲራ ላይ ያሉት ጠብታዎች አምስት ሳይሆኑ ስድስት ናቸው፤ አያቴ በዓይኗ አይታለች።» «የሐዲድ ኩባንያው ቀይ እንዲህ አልነበረም። ይሄ የቲማቲም ቀይ ነው። እፈሪ!» አንዱ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆኖ፣ ዘመኑን በሰባት ዓመት አሳስተሻል ይላታል። «በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ወንድሜ» ብላ ብትመልስለት፣ «እሺ፣ ታዲያ ለምን አንዳንዱ ቦታ ላይ በስምንት ሆነ?» ብሎ ሁለተኛ ቅሬታ አስገባ። ኧረ አቦ! እንዲህ ያለውን ሰው ምን ይሉታል?

«ለሁሉም ቅሬታ መልስ ይስጡ» ይላል ግድግዳው፣ በዚያ በማይሰለቸው ድምፁ።

«ፊቴን ልታጠብ?»

«ፊትዎን ታጥበው ሲያበቁ ለሁሉም ቅሬታ መልስ ይስጡ።»

ነገሩ ከሥሩ እንዲህ ነው። ረምላ ቀን ቀን ከዚራ በሚባለው ሰፈር ባለ የፍራፍሬ ማቀዝቀዣ መጋዘን ውስጥ ትሠራለች። ከሥራ ስትወጣ ደግሞ ጌም ትሠራለች። ጌሙ የራሷ አይደለም፤ ዓለም በሙሉ የሚጫወተው፣ ጦር የሚመራበት፣ ከተማ የሚተዳደርበት ጌም ነው። የእሷ ሥራ ሞድ የሚሉት ነው፤ በሰው ጌም ላይ የራስህን አገርና የራስህን ዘመን ትተክላለህ፣ የፈለገ አውርዶ ይጫወትበታል። የረምላ ሞድ «ዘመነ ሰንደቅ» ይባላል። ውስጡ ያለችው ድሬዳዋ ናት፣ የዛሬ ሃምሳና ስልሳ ዓመቷ ድሬዳዋ።

ያን ዘመን አዛውንቶቹ ሲያወሩት ይስቃሉ፤ ያኔ ግን የሚስቅ አልነበረም። ከተማው ውስጥ ባንዲራ የሌለው ነገር ጠፍቶ ነበር። ውሃው ባንዲራ ነበረው፣ ሐዲዱ ባንዲራ ነበረው፣ የጫት ገበያው፣ የታክሲ ተራው፣ ሙቀት ሲበረታ ሰው የሚጠለልበት አዳራሽ ሳይቀር የየራሳቸው ነበራቸው። የማንን ባንዲራ ሰቀልክ? የሚያጠጣህ እሱ ነው፣ መብራት የሚሰጥህ እሱ ነው፣ ቤትህን የሚመዘግብልህም እሱ ነው። ረምላ እነዚያን ባንዲራዎች አንድ በአንድ ለቅማ፣ ቀለማቸውን፣ ስፋታቸውን፣ የዋሉበትን ጊዜ አጣርታ ጌሙ ውስጥ ሰቀለቻቸው። ስድስት ዓመት ፈጀባት። ቀለም ላይ ቀልድ አታውቅም። አብሯት ሞዱን የጀመረውን የልጅነት ጓደኛዋን ኮስታን በአንድ ሰማያዊ ቀለም ምክንያት ከሥራው አባርራዋለች። ሰማያዊውን ትንሽ አደመቀው፣ በቃ፣ ይኸው ነው ጥፋቱ። ውሃ ቀጠነ ብሎ መጣላት የሚባለው ይሄኔ ነው።

ይህ ሁሉ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሆኖ ቢቀር ማን ይጎዳ ነበር? ግን ችሎቱ መጣ። የይዞታ ችሎቱ ዳኛ ማስቀመጥ ትቶ በማሽን መፍረድ ከጀመረ ቆይቷል፣ ምስክርም አይጠራም። ክርክር ሲቀርብለት ያለፈውን ዘመን ራሱ ይጫወተዋል፤ ሺህ ጊዜ፣ መቶ ሺህ ጊዜ። ከዚያ ቤቱ የእገሌ ነው፣ ጉድጓዱ የእገሊት ነው ይላል፣ ይግባኝ የለም። ለመጫወቻ የመረጠው ደግሞ በትክክለኛነቱ ስም ያወጣውን ዘመነ ሰንደቅን ነው። ረምላን ማንም አላማከራትም። አንድ ጠዋት ግድግዳው «እንኳን ደስ ያለዎት፣ የዘመኑ ጠባቂ ሆነው ተሰይመዋል» አላት፣ አለቀ። ከዚያን ቀን ወዲህ የጠብታ ቁጥር ተራ የጠብታ ቁጥር መሆኑ ቀረ። በአንድ ጠብታ አንዱ ቤቱን አጣ፣ በአንድ ጠብታ ሌላው ቤት አገኘ። ረምላም ገበያ ስትወጣ የማታውቀው ሰው ሁሉ ወይ ይስማታል ወይ ይረግማታል።

ከሁሉ የባሰባት የራሷ ሰፈር ነው። ገንደ ጋሪ ከድልድዩና ከባቡር ጣቢያው መሃል የተወሸቀች ሰፈር ናት። ረምላ እዚያው ተወለደች፣ እዚያው ከአባቷ ጋር ትኖራለች። ከድልድዩ በኩል የተነሱ የዘመኑ ፎቶዎች በሙሉ ገንደ ጋሪ ምሰሶ ላይ የውሃ ማኅበሩን ሰማያዊ ባንዲራ ያሳያሉ። ከጣቢያው በኩል የተነሱት በሙሉ የሐዲድ ኩባንያውን ቀይ ያሳያሉ። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ወር፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ጉድ እኮ ነው በአንድ ቀን የተነሱ ናቸው። ውሃዎች የሚባሉት ወገኖች «ሐዲዶች ፎቶውን ቀብተውታል» ይላሉ፣ ሐዲዶቹ «ቀቢዎቹ ውሃዎች ናቸው» ይላሉ። ረምላ ቢቸግራት ምሰሶውን ባዶ ተወችው። ይሄኔ ሁለቱም ተባብረው ሰደቧት። ስድስት ዓመት ሙሉ የተስማሙበት ነገር ቢኖር ይኸው ስድቡ ብቻ ነው።

አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ኮስታ መጋዘኑ ድረስ መጣ። ከተጣሉ ወዲህ የሐዲዶች አፈ ጉባኤ ሆኗል፤ ቅድመ አያቱ ሐዲዱን ሊሠሩ ከመጡ ግሪኮች ወገን ነው እያለ ይመጻደቃል።

«ወሪያ ረምላ! ደኅና ነሽ?»

«ስለ ቀይ ልትነግረኝ ከሆነ የመጣኸው፣ በመጣህበት ተመለስ።»

«አልሰማሽም ማለት ነው» አለ ኮስታ። ፊቱ ላይ የነገር ፈገግታ አልነበረም። «የሐዲድ ኩባንያው ወራሾች ገንደ ጋሪን ከሰሱ። ባንዲራችን ሲሰቀልበት የነበረ መሬት ነው፣ የእኛ ነው ብለው። መጋዘን ሊሠሩበት ነው።»

ረምላ የያዘችውን የማንጎ ሳጥን መሬት አስቀመጠች። «ምሰሶው እኮ ባዶ ነው።»

«ችሎቱ ባዶ ምሰሶ አይጫወትም። ከረመዳን በፊት አንዱን ስቀይ ይልሻል። ቀይ ከሰቀልሽ መሬቱ የወራሾቹ ነው። ሰማያዊ ከሰቀልሽ፣ ውሃ ማኅበሩ ሲፈርስ ይዞታውን ለነዋሪው ስለለቀቀ፣ ቤቱ የየባለቤቱ ይሆናል።»

«አንተ ምን ትላለህ?»

ኮስታ አንገቱን አከከ። «እኔማ ቀይ ነው የምለው። ፎቶ አለኝ። ግን የአባትሽ ቤት እዚያ ነው። ከሌላ ሰው አፍ እንዳትሰሚው ብዬ ነው የመጣሁት።»

ከዚያ በኋላ ረምላ ያልቆፈረችው ጉድጓድ፣ ያላንኳኳችው በር አልነበረም። የሐዲዱ ግሪኮች ያስቀሩት ፎቶ ይገኝ እንደሁ ብላ የአቴንስ ቤተ መዛግብት ጠየቀች፣ ፎቶ የሚመረምር ማሽን ተከራየች፣ የማታውቃቸውን የሩቅ ሰዎች ለመነች። የሰፈሩን አሮጊቶችና ሽማግሌዎች በየቤታቸው እየዞረች ብትጠይቅ ሁሉም በአንድ አፍ «ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ አላየሁም» አሏት። እንዴት ነው አንድ ሰፈር በሙሉ ቀና ብሎ ምሰሶ ሳያይ ዕድሜውን የሚጨርሰው?

በዚህ ንዴት ነው አንድ ዓርብ ለምሳ ቤት የገባችው። አባቷ ሸሪፍ እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ ተቀምጦ ጃኖ ይጠግናል። ሸሪፍ ልብስ ሰፊ ነው፣ ሰማንያን አልፏል፣ እጁ ግን ዛሬም አይንቀጠቀጥም። እዚህ ላይ «አልፈዋል» እንድል የምትጠብቁ ካላችሁ አትቀየሙኝ፤ ድሬ ላይ ሰውን አንቱ ማለት ማራቅ ነው፣ ሸሪፍ ደግሞ ቢርቅ ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ ባልመጣ።

«ፊትሽን ምን አጠቆረው?» አላት።

«ባንዲራ ነዋ፣ አባባ! የሰፈራችን ባንዲራ። ሰማያዊ ነው ቀይ፣ አንድ ሰው ቁርጡን የሚነግረኝ ጠፋ።»

«ሁለቱም ነው» አለ ሸሪፍ፣ መርፌው ላይ ክር እየሰካ።

«እንዴት ነው ሁለቱም የሚሆነው?»

«በዚህ በኩል ሰማያዊ፣ በዚያ በኩል ቀይ ነዋ። እኔ ነኝ የሰፋሁት።»

ሸሪፍ ስለ አንድ ሱሪ እጥፋት እንደሚያወራ ሰው ተረጋግቶ ቀጠለ።

«የውሃ ተቆጣጣሪዎቹ ድልድዩ ላይ ቆመው ያያሉ። የሐዲዶቹ ጣቢያው ላይ ቆመው ያያሉ። ሰፈር ውስጥ ማንም አይገባም፣ ሙቀቱን ይፈራሉ። እኛ ደግሞ ውሃም ያስፈልገናል፣ መብራትም ያስፈልገናል። የሰፈሩ አፎሻ ተሰበሰበና በል ሸሪፍ፣ ብልሃት ፍጠር አለኝ። እኔም ሁለቱን ጀርባ ለጀርባ ሰፋሁት። መሃሉ ላይ ጥቁር ገበር አስገባሁ፣ ፀሐይ ሲመታው አንዱ በሌላው እንዳይታይ። ነፋሱ ሁልጊዜ ከበረሃው ወደ ተራራው ነው የሚነፍሰው፣ ስለዚህ ሰማያዊው ድልድዩን ያያል፣ ቀዩ ጣቢያውን ያያል። ሦስት በጋ እንዲህ ኖርን። ሁለቱም ይወዱን ነበር።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ አንድ ክረምት ተራራው ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል ነፋሱ ዞረ። ነፋሱ ሲዞር ባንዲራውም ዞረ። ድልድዩ ላይ ያለው ቀይ አየ፣ ጣቢያው ላይ ያለው ሰማያዊ አየ።» ሸሪፍ እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «ውሃውም መብራቱም በአንድ ቀን ተቆረጠ! ጨርቁን አሰብን፣ ክሩን አሰብን፣ ነፋሱን ማን ያስበው? ድሬ ላይ ነፋስ ይዞራል ብሎ ማን ያስባል!»

«አባባ!» አለች ረምላ። ድምፅዋ ሰፈሩን አዳረሰ። «ስድስት ዓመት! ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ባንዲራ ከሰው ስጣላ፣ ስሰደብ፣ ስሳደብ፣ እህል ሳልቀምስ ስተኛ እያየኸኝ! እዚህ ተቀምጠህ እያየኸኝ!»

«ጠየቅሽኝ እንዴ?»

«ምን?»

«የአቴንሱን ሰውዬ ጠየቅሽ። ማሽኗን ጠየቅሽ። የሰፈሩን አሮጊቶች፣ እነ ዘምዘምን ጠየቅሽ። እኔን አንድ ቀን ጠይቀሽኝ ታውቂያለሽ? የልብስ ሰፊ ልጅ ሆነሽ ስለ ጨርቅ ግድግዳ ትጠይቂያለሽ!»

በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የሚለውን አባባል ረምላ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች። ማወቅና መጠየቅ ግን ለየቅል ናቸው። ወንበሩ ላይ ዘፍ አለችና መጀመሪያ አለቀሰች፣ ከዚያ ሳቀች፣ ከዚያ ተነስታ ኮስታ ዘንድ ሄደች።

ኮስታ ታሪኩን ሲሰማ ፎቶዎቹን በሙሉ አውጥቶ ጎን ለጎን ደረደራቸው። «ፎቶዎቹ በሙሉ ትክክል ነበሩ ማለት ነው» አለ በመጨረሻ። «የእኔም፣ የእነሱም። ስድስት ዓመት የተሰዳደብነው በከንቱ ነው።»

«ስድቡን በኋላ ትጸጸትበታለህ። ጌሙ ለአንድ ባንዲራ አንድ ሥዕል ብቻ ነው የሚቀበለው። ምን ይሻላል?»

አሰቡ፣ ሞከሩ፣ ተጣሉ፣ ታረቁ። በመጨረሻ ኮስታ በአንድ ምሰሶ ላይ ሁለት ባንዲራ ጀርባ ለጀርባ አጣብቆ ሰቀለና ከጌሙ ነፋስ ጋር አሰረው። ጌሙ ውስጥ ነፋስ እስከዚያን ቀን ለጌጥ ያህል ብቻ ነበር። ሸሪፍም መሃላቸው ቁጭ ብሎ ያዛል። «ስፌቱ ከጠርዙ ሁለት ጣት ገባ ይላል። እንዲህ አይንሳፈፍም፣ ገበሩ ይከብደዋል፣ ትንሽ ዘንበል አድርጉት። አዎ። ኧረ አሁን አበዛችሁት!» ረምላ ለአንድ ሰማያዊ ጓደኛዋን ያባረረችበትን ባሕርይ ከማን እንደወረሰችው ያን ሰሞን ገባት። በሕይወቷ እንደዚያ ሳምንት የተደሰተችበት ጊዜ አልነበረም።

ባንዲራው ግድግዳው ላይ ሲውለበለብ፣ ነፋሱም ሲዞር አብሮ ሲዞር፣ ሸሪፍ ከወንበሩ ተነስቶ አጨበጨበ። «እሱ ነው! እሱ ነው አቦ! እሱ ራሱ ነው!» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጎረቤቱ በምስጢር የያዘለትን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ በአደባባይ አየው።

ወሬ ደግሞ እግር አለው። በማግስቱ ከአስር ሰዓት በኋላ እማማ ዘምዘም ሁለት ሽማግሌዎች አስከትላ መጣች። ዘምዘም የአፎሻው፣ ማለትም የሰፈሩ እድር ሰብሳቢ ናት። ገንደ ጋሪ ላይ ከእሷ ፈቃድ ውጭ የሚሞት ሰው እንኳ ያለ አይመስልም። ገብታ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ሰማሁ። ውብ አድርጋችሁ ሠራችሁት አሉ። አጥፊው።»

«እማማ ዘምዘም፣ አንቺም ታውቂ ነበር?»

«ምሰሶውን ያቆምኩት እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ስጠይቅሽ ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብለሽ ማልሽልኝ እኮ!»

«ማልኩ። ዛሬም እምላለሁ። ነገም እምላለሁ።» ዘምዘም በትሯን መሬት ላይ ደቃች። «ውሃዎችና ሐዲዶች ሲታረቁ የወጣውን የእርቁን ሕግ አንብበሽዋል? ሁለት ባንዲራ የሰቀለ ሰፈር የማንም አልነበረም ይላል። የማንም ያልነበረ መሬት ደግሞ በጨረታ ላሸነፈ ይሸጣል። ያንን ባንዲራ ችሎቱ ያየው ቀን፣ እኔም፣ አባትሽም፣ ይህ ሁሉ ቤተሰብም ዕቃችንን ተሸክመን በረሃ እንወርዳለን። ለምን ይመስልሻል ሰው ሁሉ የሚምለው?»

«ግን እውነቱ እሱ ነው።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፣ የኔ ልጅ። እኛ ግን እስኪጠራ ድረስ የምናድርበት ቤት ያስፈልገናል።»

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ረምላ አባቷን አየችው። ሸሪፍ ጥግ ላይ ተቀምጦ ክር ይጠቀልላል፣ ቀና አላለም። እንግዶቹ ሲሄዱ አጠገቡ ሄዳ ተቀመጠች።

«ምን ላድርግ፣ አባባ?»

«እኔን ነው የምትጠይቂው?»

«አዎ፣ አንተን።»

«ቤቱም የኔ ነው፣ ባንዲራውም የኔ ነው» አለ። «ከሁለቱ ምረጥ አትበይኝ። ጠባቂዋ አንቺ ነሽ።»

ረምላ ሰማያዊውን ሰቀለች።

የገዛ እጇን የመቁረጥ ያህል ነበር። ኮስታ ያጣበቀውን ፈታች፣ ቀዩን አነሳች፣ አምስቱን ጠብታዎች አስተካከለች። ኮስታ «ገባኝ» ብሎ ሄደ። ችሎቱ ተጫወተ። ጠዋት ላይ ገንደ ጋሪ የየባለቤቱ ናት አለ። ሰፈሩ በእልልታ ተናወጠ፣ ከበሮ ወጣ፣ ፍየል ታረደ፣ እማማ ዘምዘም በዚያ ዕድሜዋ ጨፈረች። ሰው ሁሉ ረምላን እየሳመ ጉንጯን አላቆሰለውም እንጂ ምንም አልቀረው። ሸሪፍም ከሰው ጋር በልቶ፣ ከሰው ጋር መርቆ፣ ወደ ቤት ሲገቡ «እስቲ አሳዪኝ» አላት። አሳየችው። ነፋሱ ዞረ፣ ባንዲራው ዞረ። በዚህም ሰማያዊ፣ በዚያም ሰማያዊ ነበር። ሸሪፍ ወደ ክፍሉ ገባ።

ከጥቂት ቀን በኋላ፣ ገና ከአልጋዋ ሳትወርድ፣ ግድግዳው «አንድ ቅሬታ» አለ። ቀጥሎ የሰማችው የአባቷን ድምፅ ነው። «ሸሪፍ እባላለሁ፣ ልብስ ሰፊ። የገንደ ጋሪ ባንዲራ ባለ ሁለት ፊት ነበር። የሰፋሁት እኔ ነኝ። አሁን የተሰቀለው ልክ አይደለም። ይስተካከል።»

ረምላ በባዶ እግሯ በረንዳው ላይ ወጣች። ሸሪፍ ቁልፍ ይተክላል።

«አባባ፣ ምን ነካህ? ቤቱን ልታስወስድብን ነው?»

«ቤቱን ማን ነካው? እኔ የተናገርኩት ስለ ባንዲራው ነው።»

«አንድ እኮ ነው! አንዱ ሲነካ ሌላው ይሄዳል! አንሳው አባባ፣ አፈር ስሆን። ተሳስቻለሁ በል።»

«ምኑን ነው የተሳሳትኩት?» ሸሪፍ መርፌውን አቆመ። ተቆጥቷል። «ሁለት ፊት ሰፍቼ አንድ ነው ልበል? የሰው ሥራ ሲበላሽ ዝም ይባላል? አንቺ ራስሽ በአንድ ጠብታ ከዓለም ጋር ስትጣዪ አልኖርሽም? እኔ ስናገር ነው ነውር የሚሆነው?»

በልጅነቷ የጉልበት ኪሱ አንድ ጣት ዘመመ ብሎ የአንድ ባለሥልጣን ሱሪ ፈትቶ እንደ አዲስ ሲሰፋ አይታዋለች። ልመናም፣ ለቅሶም፣ ቁጣም ሞከረች። ሸሪፍ እንዲያው «አላነሳውም» አለ። ልጅ ሆና እሺ በለኝ ስትለው እሺ የማይለውን ያህል አሁንም እሺ አላለም።

«የዘመኑ ጠባቂ» አለ ግድግዳው ከውስጥ፣ «የዓይን ምስክር ያቀረበው ቅሬታ ነው። እስከ እኩለ ቀን መልስ ካልተሰጠ የገንደ ጋሪ ጉዳይ እንደገና ይከፈታል።»

ገባች። «ውድቅ ይደረግ» አለች።

«ምክንያት ይምረጡ። አንደኛ፣ አቅራቢው በቦታው አልነበሩም።»

«ነበረ።»

«ሁለተኛ፣ አቅራቢው ከቅሬታው ጥቅም ያገኛሉ።»

«ቤቱን ነው የሚያጣው እንጂ ምን ያገኛል!»

«ሦስተኛ፣ የአቅራቢው ቃል አይታመንም።»

ረምላ ወደ መስኮቱ ዞረች። በመስኮቱ በኩል የዘምዘም የልጅ ልጆች ሲጯጯሁ ይሰማታል፤ ወደ ድልድዩ በሚወስደው መንገድ ላይ ሰዎች በር ሲቀቡ ታያለች፣ ቤቱ የራሳቸው ከሆነ ወዲህ ሁሉም ቀለም መቀባት ጀምሯል። በረንዳው ላይ አባቷ ክሩን በጥርሱ ይበጥሳል። ሌላ ምክንያት የለም ወይ ብላ ጠየቀች። የለም አላት። ለምኑት፣ አስረዱት፣ ተጨማሪ ጊዜ ስጡት የሚል ምርጫስ ብላ ጠየቀች። የለም አላት። ይህን ግድግዳ በምን ቀን ነው ቤቷ ያስገባችው!

«ሦስተኛውን» አለች።

«ተመዝግቧል። ቃላቸው ለማይታመን ሰው አረጋጋጭ ይመደባል። የቅርብ ዘመድ አላቸው?»

«አላቸው።»

«ስም?»

«ረምላ ሸሪፍ።»

«አመሰግናለሁ። ቅሬታው ተዘግቷል።»

ምክንያቱን ለሸሪፍ አልነገረችውም። ምን ብላ ትነግረዋለች? ቅሬታህ ውድቅ ሆነ ብቻ አለችው፣ እሱም «አውቄዋለሁ፣ የእናንተ ነገር» ብሎ ተሳድቦ ተወው። በአንድ ግቢ ውስጥ አብረው እየበሉ ሰነበቱ። ከዚያ አንድ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሸሪፍ ክር መግዛት ፈለገና አብረው ወደ ከዚራ ወጡ።

የክር ሱቁ በር ሸሪፍ ቢገፋው አልተከፈተም። ረምላ ስትቀርብ ተከፈተ። «ዛሬ ደግሞ ምን ሆኗል?» አለ ሸሪፍ። «ተበላሽቶ ይሆናል» አለች። ነጭና ጥቁር ክር ጠየቀ፣ ሱቁ ዝም አለው፤ እሷ ደግማ ስትጠይቅ ሰጣቸው። «ጆሮውም ተበላሽቷል» አለ ሸሪፍ እየተናደደ። «ድሮ ሰው ነበር የሚሸጠው፣ ሰው ደንቆሮ ቢሆን እንኳ በእጅህ ታሳየዋለህ።» መንገዱን ሁሉ ስለ ሱቁ ሲያጉረመርም ከጥላው ሥር ካለው ሻይ ቤት ደረሱ። ደክሞት ነበር፣ ተቀመጠ፣ ላቡን ጠረገ።

«ሻይ» አላት ለማሽኗ።

«ሻይ ነው ያሉት?» አለች ማሽኗ፣ በጣም በትሕትና። «እባክዎ አረጋጋጭዎ ያረጋግጡልን። ወይዘሮ ረምላ፣ ሻይ ነው ያሉት?»

አጠገባቸው ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ዘወር ብለው አዩ፣ ከዚያ ቶሎ ዓይናቸውን መለሱ። ሸሪፍ ማሽኗን አየ፣ ልጁን አየ፣ እንደገና ማሽኗን አየ። የገዛውን ክር ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ዕድሜው ሰማንያን ማለፉ ያን ሰዓት ብቻ ታየበት።

«ንገሪያት እንጂ» አለ ቀስ ብሎ። «ሻይ ነው ያልኩት?»

ማሽኗ ትጠብቃለች።

«አዎ» አለች። «ሻይ ነው ያለው።»

ማሽኗም ቀዳችለት።